ጎማ የሚያይ አውቶቡስ

እግዜር ለየከተማው አንድ አወዳዳሪ መድቧል። ቡሬም አለው፣ ደምበጫም አለው፣ ሽንዲም ሳይኖረው አይቀርም። ድንች ስትገዛ ከኋላህ ቆሞ «የቆጋ መስኖው ይሻል ነበር» ይልሃል። ልጅህን ትምህርት ቤት ስታስገባ «የወዲያኛው እኮ ወንበሩ መደገፊያ አለው» ይልሃል። በዚህ ምድር ላይ አንድም ነገር ብቻውን እንዲያምር አይፈቅድም። እኔ ይህን ዓይነቱን ሰው ስጠላ ነው የኖርኩት። አገር የሚሠራው ቆርጦ የሚነሣ እንጂ ሲያማርጥ የሚውል አይደለም ብዬ በየእድሩ ስብሰባ ተናግሬያለሁ። ያጨበጨበልኝ የለም፤ ግን ተናግሬያለሁ።

ለፍኖተ ሰላም የደረሳት አወዳዳሪ ደግሞ ከሁሉም የባሰው ነው። አያ ወንዳወቅ ይባላሉ። ልብስ ሰፊ ናቸው። ሱቃቸው ከመናኸሪያው አጥር ጋር የተጣበቀ ስለሆነ መርፌያቸውን ከሚያዩበት ጊዜ አውቶቡስ የሚያዩበት ይበልጣል። ክርና ገበር ለማምጣት በየወሩ አዲስ አበባ ይመላለሳሉ፤ አንድ ጊዜ በሄዱበት አውቶቡስ ግን ወዲያው አይመለሱበትም፤ ሌላውን መመርመር አለባቸው። ስለዚህ በዚህ መንገድ ላይ ስለሚሮጥ ማንኛውም ተሽከርካሪ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጡት እሳቸው ናቸው። ለዚህ ድካማቸው ማዕረግ የሰጣቸው ስላልነበረ እኔ «መልአከ መናኸሪያ» ብዬ ሾምኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ደስ አላቸው።

መልአከ መናኸሪያ አንዲት ጥያቄ አለቻቸው፦ «ከምን ጋር ሲነጻጸር?» ሰርግ ላይ አንዷ ሙሽራዋ እንዴት ታምራለች ብትል ጠጋ ብለው ከምን ጋር ሲነጻጸር ይሏታል። ዝናቡ ዘንድሮ መልካም ነው ለሚል ገበሬም መልሳቸው ይኸው ነው። ጎረቤቴ ሀብተሚካኤል የልቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ስለ ሟቹ «ደግ ሰው ነበሩ» ቢል፣ «ከማን ጋር ሲነጻጸሩ?» ብለው በሹክሹክታ ጠየቁት። ሀብተሚካኤል እንባውን አቋርጦ ማሰብ ጀመረ። ይህ ነው የሚያናድደኝ፤ ሰውን ከእንባው ያነሡታል።

በአውቶቡስ ጉዳይማ አይጣል ነው። ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር አላቸው። ደብተሩ በመስመር ተከፋፍሎ የየአውቶቡሱ ስም፣ የወንበሩ ስፋት፣ የኬኩ ውፍረት፣ የውኃው መጠን፣ የረዳቱ ጠባይ፣ የመጋረጃው ንጽሕና ይጻፍበታል። ከአንገታቸው የማትለየውን የልብስ ሜትር ይዘው አውቶቡስ ውስጥ ይገቡና በወንበሮቹ መካከል ያለውን የጉልበት ቦታ ይለካሉ፤ ሰው ተቀምጦበት ከሆነ «ጉልበትዎን ሰብሰብ» ይሉታል። አንድ ቀን የተሳፈረው ሰው ሁሉ ከትራንስፖርት ቢሮ የተላኩ መስለውት አቤቱታ ማሰማት ጀመረ። አያ ወንዳወቅም ሳያፍሩ መዘገቡ።

«ነጭ ርግብ» የሚባለው ኬኩ ባለፈው ወር ሁለት ጣት ነበር፣ አሁን አንድ ጣት ተኩል ሆኗል ይላሉ። ስልክ መሰኪያው ለጌጥ ነው፤ መብራት የለውም። «ደመና» የሚባለው ደግሞ ወንበሩ እንደ ፍራሽ ነው፤ ነገር ግን ማቀዝቀዣው የሚነፍሰው እስከ ሦስተኛው ረድፍ ድረስ ብቻ ስለሆነ ፊት የተቀመጠው ደጋ፣ ኋላ የተቀመጠው ቆላ ነው። ይህን ሁሉ ትኬት ሊቆርጥ ለቆመ ሰው አንድ በአንድ ይተነትኑለታል። ሰልፉ ይቆማል። ትኬት ሻጩ ገነነ እሳቸው ሲመጡ ካየ መስኮቱን ዘግቶ ምሳ ወጣሁ ይላል፤ ጠዋት በሁለት ሰዓት።

ከደብተሩ መጨረሻ ላይ የአብዱሰመድ አውቶቡስ ተጽፎ ነበር። ከቡሬ የሚነሣ አሮጌ መኪና ነው። መጋረጃ የለውም፣ ቴሌቪዥን የለውም፣ አንዱ መስኮቱ በገመድ የታሰረ ነው። ሰው «ጎማ ልይ» ይለዋል። ሾፌሩ አብዱሰመድ በየሁለት ሰዓቱ ጥጉን ይዞ ያቆምና «ጎማ ልይ» ብሎ ስለሚወርድ ነው። እኔ ይህን መኪና ከመንገድ ለማስወጣት ያልተናገርኩበት መድረክ የለም። ጎማው የማይታመን መኪና የሰው ነፍስ መጫን የለበትም ብዬ ቀበሌ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ተናግሬያለሁ። አያ ወንዳወቅ ከኋላ ተቀምጠው ሲያዩኝ ነበር።

እናቴ ንግሥቴ ኩላሊቷ ላይ ጠጠር አለ። አዲስ አበባ ያለው ሐኪም ሊያወጣላት ቀጠሮ ሰጥቷት፣ የዛሬ አራት ወር በነጭ ርግብ ወሰድኳት። ከሾፌሩ ኋላ ጥሩ ወንበር፣ ውኃ፣ ኬክ፣ ፊልም፤ ልጅነቴን የተወጣሁ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ። ስንደርስ መቆም አቃታት። ሐኪሙ ሰውነቷ ውኃ አጥቷል፣ በዚህ ሁኔታ አልነካትም አለ። ሦስት ቀን ግሉኮስ ተተክሎላት ቀጠሮው ተዛወረ። በሁለተኛው ቀጠሮ ካልወጣ ጠጠሩ መንገዱን ዘግቶ ኩላሊቷን ልናጣው እንችላለን ብሎም አስጠነቀቀኝ። ቤት ስንገባ እናቴ ከነጠላዋ ስር ሁለት ጠርሙስ ውኃ አውጥታ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጠች። አልተከፈቱም። ውኃ የሚያስቆጥብ ምን መጣ ብዬ ተቆጣኋት። አልጠማኝም ነበር አለች።

ሁለተኛው ቀጠሮ ሐሙስ ነበር። ለረቡዕ የነጭ ርግብን ሁለት ትኬት ሰኞ ቆረጥኩና ኮቴ ኪስ ከተትኩ። ኮቱ ትከሻዬ ላይ ስለጠበበኝ ያስፉልኝ ብዬ ለአያ ወንዳወቅ ሰጠሁ። ትኬቱን ረሳሁት። ማክሰኞ ከሰዓት ገነነ መንገድ ላይ አግኝቶኝ፣ አያ ወንዳወቅ ትኬትህን በአብዱሰመድ ቀየሩልህ እኮ፣ አንተ ልከሃቸው ነው አይደል አለኝ።

ሱቃቸው እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ኮቴ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል፤ መርፌ አልነካውም።

«አያ ወንዳወቅ፣ የሰጠሁዎት ኮት ነው፤ እናቴን አልሰጠሁዎትም» አልኳቸው።

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። «በነጭ ርግብ ልትወስዳት ነበር?»

«ምን ጎደለው? ውኃ ይሰጣል።»

«ውኃስ ይሰጣል። ጎማ ግን አያይም።»

አዲስ መኪና ጎማው ምን ይታያል ብዬ ጮኽኩ። ሰማያዊውን ደብተር ገለጡና የመጨረሻውን ዓምድ አሳዩኝ። ከላይ «ጎማ» ይላል። ነጭ ርግብ ዜሮ። ደመና ዜሮ። አብዱሰመድ አራት። ከአራቱ ስር ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። በመንገድ አራት ጊዜ የሚቆም ግም መኪና ላይ የታመመች ሴት ሊጭኑ ነው ወይ አልኳቸው። ከዚህም የከፋ ብያለሁ፤ አልደግመውም።

«ባለፈው ከኋላችሁ ነበርኩ» አሉኝ በቀስታ። «አንተ ፊልም ታይ ነበር።»

«እና?»

«እሱን እኔ አልነግርህም፣ አለበል። የእናት ነገር ነው።»

ገነነ ዘንድ ሮጥኩ። ነጭ ርግብ ሞልቷል። ደመናም ሞልቷል። ለእናቴ ስነግራት መሬት መሬት እያየች «ወንዳወቅ ከመረጠው ይሁን» አለች። እኔ የመረጥኩትን እንዲህ ብላ ተቀብላ አታውቅም።

ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ተነሣን። ደምበጫን እንዳለፍን አብዱሰመድ ጥጉን ያዘ። «ጎማ ልይ።» ሰው ሁሉ ወረደ፤ እናቴም አጠገቧ ከተቀመጠች ከቡሬ ከመጣች ነጋዴ፣ ኡምሀኒ ከምትባል ሴት ጋር ተያይዛ ወረደች። እኔ በንዴት ወንበሬ ላይ ቀረሁ። ሉማሜን እንዳለፍን፣ «ጎማ ልይ።» የሐሙስ ቀጠሮ እንዳያልፈን ጥርሴን ነክሼ ሰዓቴን አየሁ። ደጀንን አልፈን ገደሉን ከተሻገርን በኋላ ሦስተኛው ሲመጣ ግን አልቻልኩም። ይህን ጎማ ዛሬ ራሴ አየዋለሁ፣ ካየሁም በኋላ ለሚመለከተው ክፍል እጽፋለሁ ብዬ ወረድኩና በስተቀኝ በኩል መዞር ጀመርኩ።

ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ እጅጌዬን ያዙኝ።

«ወንድሜ፣ ጎማው በዚህ በኩል ነው።»

በግራ በኩል አሥራ አምስት የምንሆን ወንዶች ተደርድረን ቆምን። አብዱሰመድ ጎማውን አንድ ጊዜ በእግሩ መታ አደረገና እጁን ኋላው አጣምሮ ሰማይ ሰማይ ያይ ጀመር። መፍቻ አልያዘም። ጎማው ምንም አልጎደለውም። ወንዶቹ ሁሉ ጎማውን ይመለከታሉ። አንድም ሰው አንገቱን አያዞርም። ከመኪናው ወዲያ፣ ከባሕር ዛፉ ስር፣ የሴቶች ሳቅ ይሰማል።

ጥቂት ቆይቶ ከወዲያ በኩል የአንዲት አሮጊት ድምፅ መጣ። «ጎማው ደኅና ነው።»

አብዱሰመድም «አልሐምዱሊላህ» አለና መሪውን ጨበጠ። ሁላችንም ተሳፈርን። ድምፁ የእናቴ ነበር።

ከተቀመጠች በኋላ የውኃ ጠርሙሷን ከፈተች። አንገቷን ቀና አድርጋ ጠጣች፤ ግማሹን አደረሰችው። አየኋት። ሁለቱ ያልተከፈቱ ጠርሙሶች ያኔ ትዝ አሉኝ። ባለፈው ምን ሆነሽ ነበር አልኳት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነው የነገረችኝ። ነጭ ርግብ ምሳ ላይ ሃያ ደቂቃ ሲቆም የሽንት ቤቱ ሰልፍ ሳይደርሳት ጥሩምባ ተነፋ። ደጀን ላይ ረዳቱን ጠርታ በጆሮው ነገረችው። እሱ ደግሞ በአውቶቡሱ ሙሉ እየጮኸ፣ «ሹፌር፣ እማማን ውኃ ሽንት ይዟቸዋል!» አለ። ሰው ሳቀ። ከደጀን በታች ያለው ገደል ላይ አይቆምም ተባለች።

«አንተም ስቀሃል» አለችኝ።

«በፊልሙ ነው፣ እናቴ። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ነበር።»

«እኔ ምን አውቄ። ሰምተህ የሳቅህ መስሎኝ ነበር።»

አራት ወር ሙሉ ልጄ ስቆብኛል ብላ ኖራለች፤ አራት ወር ሙሉ እኔ ውኃ ቆጠበች ብዬ ኖሬያለሁ።

እስቲ እናንተ ባለ አውቶቡሶች ስሙኝ። ውኃ በቀኝ እጅ አድሎ በር በግራ እጅ መዝጋት ምን የሚሉት መስተንግዶ ነው? የገዛ እናታችሁን በዚህ መንገድ ትወስዷታላችሁ? ኬካችሁ ሁለት ጣት ሆነ አንድ ጣት፣ እናቶቻችን አይበሉትም፤ ከዋዜማው ጀምረው ጾመው ነው የሚሳፈሩት። ደጅ ለመውጣት ደጅ መጥናት አለባቸው? በአሥር ሰዓት መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ «ጎማ ልይ» ማለት ያቃተው ሹፌር መጋረጃው ሐር ቢሆን ምን ያደርግልኛል? አብዱሰመድን ማን አስተማረህ ብዬ ጠይቄው ነበር። እሱም፣ መንገድ ላይ ወርጄ ስሰግድ ሴቶቹ እየተጠቃቀሱ ወደ ዛፉ ሲሄዱ፣ ደስ ብሏቸው ሲመለሱ አየሁ፤ ሶላት ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ የለም፤ ጎማ ግን አለ አለኝ። እኔም ይህን ሰው ከመንገድ ለማስወጣት እጄን ሳወጣ ኖሬያለሁ። የወጣውን እጅ በስብሰባው ቃለ ጉባኤ ታገኙታላችሁ።

ሐሙስ ሐኪሙ እናቴን አይቶ ደምና ሽንቷን አስመረመረና ደኅና መጥታለች አለ። አርብ ጠጠሩ ወጣ። በላስቲክ አድርገው ሰጡን፤ ሽምብራ ታህላለች። እናቴ ጠጠሯን በመዳፏ ላይ እያገላበጠች፣ ለዚያ ሰው ስም ያወጣው ምን ያለ ባለ ቅኔ ነው አለችኝ። ለየትኛው ሰው ብላት፣ ሳቀች።

«ወንድ አወቀ።»

ስንመለስ በቀጥታ አያ ወንዳወቅ ሱቅ ሄድኩ። በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው አንድ አዲስ አውቶቡስ ሲያጠኑ አገኘኋቸው። ኮቴ አሁንም ምስማሩ ላይ ነው። ይቅርታ ለመጠየቅ መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ጠፋብኝ።

«አያ ወንዳወቅ፣ እርስዎ ደግ ሰው ነዎት» አልኩ።

ዞር እንኳ አላሉም። «ከማን ጋር ሲነጻጸር?»

«ከእኔ ጋር።»

ይኼኔ ዞሩ። ኮቱን ከምስማሩ አውርደው አለበሱኝና ሜትሩን ከአንገታቸው ስበው ትከሻዬን ከዳር እስከ ዳር ለኩኝ። ከዚያ ደብተራቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉ።

«ጠባብ ነው» አሉ። «ግን ይሰፋል።»

ኮቱን ማለታቸው ይሁን እኔን አልጠየቅኳቸውም።