የመቶ ሁለተኛዋ ሴሪን ጉዳይ

የአሚኖ አሲዶችን ስም ያወጡት ሰዎች ባለትዳር ነበሩ ይሆን? እኔ አይመስለኝም። ሴሪን፣ ላይሲን፣ ቫሊን፣ አላኒን፣ ግሉታሚክ። እስቲ ይሄን ዝርዝር ባዮሎጂ ላልተማረ ሰው አንብቡለትና የምንድን ነው ብላችሁ ጠይቁት። የአንድ ሠርግ ሚዜዎች ናቸው ይላችኋል። ከመሃላቸው ወንድ የሚመስለው ግሉታሚክ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ስሙ ሲጠራ ያስፈራል።

እኔ ሸቤ ከተማ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። አርባን ከተሻገርኩ በኋላ ሁለተኛ ዲግሪ ልማር ብዬ ጅማ ገባሁ። ባለቤቴ ጽጌ ልብስ ሰፊ ናት፤ እሷና ሁለቱ ልጆቻችን ሸቤ ቀሩ። እኔ ጅሬን መውጫ ላይ እትዬ ዘሃራ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ኪቶ ፉርዲሳ ወዳለው ዩኒቨርሲቲ እመላለሳለሁ። ሸቤ ሩቅ አይደለም፣ ታውቁታላችሁ። በመጀመሪያው ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ እሄድ ነበር። በሁለተኛው ዓመት በየወሩ ሆነ፤ ከዚያ ደግሞ ጥናቱ እስኪያልቅ ተባለ። ማን አለ? እኔው ነኝ ያልኩት።

ጥናቱ ምን መሰላችሁ? አትሽሹ፣ ብዙ አላስቸግርም። ፕሮቲን ሲባል ሥጋና ምስር ብቻ አይታያችሁ። አሚኖ አሲዶች ተራ በተራ ተቀጣጥለው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ታዲያ ተዘርግቶ አይቀመጥም፣ ይተጣጠፋል። ሲተጣጠፍ ወዲያ ጫፍና ወዲህ ጫፍ የነበሩት ይጠጋጋሉ። የኔ ሥራ ማን ከማን ጋር እንደተጠጋ በኮምፒውተር መቁጠር ነው። የርቀት ልክ አለ፤ ከዚያ ካነሰ ንክኪ አለ እንላለን።

ንክኪ። ሌላ ቃል ጠፍቶ ነው? በኛ አገር ንክኪ አለበት የተባለ ሰው ወይ ወረርሽኝ ይዞታል ወይ ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ነገር ጠፍቷል። ግንኙነት ልበለው ብዬም አስቤ ነበር። እሱ የባሰ ሆነብኝና ተውኩት።

እንግዲህ ክፍሌ ውስጥ ኔትወርክ የለም። ስልክ ስደውል ግቢው ውስጥ ካለው አቮካዶ ዛፍ ሥር መቆም አለብኝ። ዛፉ ደግሞ የእትዬ ዘሃራ መስኮት አጠገብ ነው። እትዬ ዘሃራ ደግ ሰው ናቸው፣ ስታመም አጥሚት የሚያመጡልኝ እሳቸው ናቸው። ግን በአማርኛ የተተረጎመ የቱርክ ድራማ አያመልጣቸውም፤ የሰው ትዳር እንዴት እንደሚፈርስ ከኔ ይልቅ ያውቃሉ።

አንድ ቀን ከክፍል ጓደኛዬ ጋር ውጤት እያመሳከርን ነው። መቶ ሁለተኛዋን ሴሪን ተዋት፣ ርቃለች አልኩት። ላይሲን ግን በጣም ተጠግታለች፣ ንክኪ አለ፣ አትርሳ መዝግባት አልኩት። ከግሉታሚክ ጋር የያዘችው ይበቃታል አልኩ መሰለኝ። መስኮቱ ሲዘጋ ሰማሁ። ንፋስ ነው ብዬ አለፍኩት።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጽጌ መጣች። ሳትደውል ነው የመጣችው። ለመቸኮሏ ምልክቱ የልብስ መለኪያ ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወልቅ መምጣቷ ነው፤ እንደዚያው ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጣ ኖሯል። እትዬ ዘሃራ የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ መስበሃቸውን እንደያዙ ተከትለዋት ገቡ፤ በር አጠገብ ያለችው በርጩማ ላይ ተቀመጡና ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ማን እንደደወለላት ወዲያው ገባኝ።

ጽጌ አልጮኸችም። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና እንዲህ አለች፤

«መቶ አንዱን ይቅር ብያለሁ። መቶ ሁለተኛዋ ማን ናት?»

ሳቄ አመለጠኝ። መሳቅ አልነበረብኝም። ዓይኗ ሲሞላ አየሁና ደነገጥኩ። አሥራ ሰባት ዓመት አብረን ኖረናል፤ ጽጌ ስታለቅስ ያየኋት እናቷ የሞቱ ጊዜ ብቻ ነው። ኮምፒውተሬን ከፍቼ ሴሪንን ላሳያት ሞከርኩ። የተጠማዘዘ ባለቀለም ጥብጣብ ብቅ አለ። እትዬ ዘሃራ ቀና ብለው አዩና ይሄ የተወሳሰበ ክር ነው፣ ሴትዮዋ የታለች አሉ። ነገሩ ባሰ።

ከዚያ መስበሃቸው ታየኝ። አንዴ ያውሱኝ ብዬ ለመንኳቸው። ለምን እንደሆነ ጠየቁ፣ ነገርኳቸው። እያቅማሙ ሰጡኝ፤ ግን ይሄ ዘጠና ዘጠኝ ነው፣ መቶ ሁለት የሚባል የለውም ብለው አስጠነቀቁኝ። እያንዳንዷ ፍሬ አንድ አሚኖ አሲድ ናት አልኳቸው። ስም አላቸው፣ ተራ ቁጥር አላቸው። መስበሃውን ጭብጥ አድርጌ መዳፌን ከፈትኩት። ይኸው፣ ሦስተኛዋ ፍሬ ሰማንያኛዋን ነካች። የኔ ጥናት ይሄ ነው፣ ሴሪንም ላይሲንም እነዚህ ናቸው አልኩ።

እትዬ ዘሃራ ያ ረቢ አሉና አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ጽጌ ግን ጎንበስ ብላ መዳፌን ታይ ጀመር፤ ስፌት ስትመረምር እንደምታየው ነው የምታየው። ሦስተኛዋና አራተኛዋም ተነካክተዋል፣ እነሱንም ቆጥረሃል አለችኝ። በኩራት አዎ አልኳት፣ አንድም አልቀረም።

«እነዚህንማ ክሩ ነው ያስጠጋቸው» አለች። «እነሱ መች ተፈላለጉ?»

ኮምፒውተሬን ዘጋሁት። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ጥናቴ ሙቀት የሚችል ፕሮቲንና የማይችል ፕሮቲን አወዳድሮ፣ የሚችለው ብዙ ንክኪ ስላለው ነው ይላል። ላስረክብ የቀረኝ አሥር ቀን ነበር። በሰንሰለቱ ጎን ለጎን ያሉት እንደማይቆጠሩ ደግሞ በዚህ ሙያ ማንም የሚያውቀው ነገር ነው። እኔም አንብቤዋለሁ። ፕሮግራሜ ውስጥ አንድ መስመር መጻፍ ነበረብኝ፣ እሷን ረሳኋት። አንዲት የሸቤ ልብስ ሰፊ የሁለት ዓመት ሥራዬን በአንድ እይታ ተረተረችው።

ይሄን ስነግራት ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ነፃ ወጥቻለሁ፣ ሴሪንም ነፃ ወጥታለች። እሷ ግን ሜትሯን በጣቷ ትጠቀልል ጀመር። ከዚያ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ፤

«ታዲያ እኛስ? ልጆቹና ቤቱ ከመሃላችን ቢወጡ፣ እኔና አንተ እንቆጠራለን?»

ቀልድ ፈለግኩ፣ አልመጣልኝም። አዎ እንቆጠራለን ማለት ይቻል ነበር። አላልኩም። እትዬ ዘሃራ ሶላት ደረሰ ብለው መስበሃቸውን ተቀብለው ወጡ። ጽጌም ለደንበኛ የቀጠረችው ቀሚስ አለ አለችና በዘጠኝ ሰዓቱ ሚኒባስ ተመለሰች። መናኸሪያ ሸኘኋት፣ በመስኮት በኩል ልጆቹ አዲስ ጫማ ይፈልጋሉ አለችኝ።

ሰኞ ጎረቤታሞቹን አውጥቼ እንደገና ቆጠርኩ። ለካ ሙቀት የሚችለው ፕሮቲን ሰንሰለቱ ረዘም ያለ ነው፤ ብልጫው ሁሉ የመጣው ከጎረቤቶቹ ብዛት ነበር። ከሩቅ መጥተው የተጠጋጉትን ብቻ ስቆጥር ሁለቱ ፕሮቲኖች እኩል ወጡ። አማካሪዬ አልተቆጡም። እኩል መሆኑም ውጤት ነው፣ እንደገና ጻፈው አሉኝ። እንደገና መጻፍ ማለት ዘንድሮ አልመረቅም ማለት ነው። ለጽጌ ደውዬ ነገርኳት። ምረቃህን ያበላሸሁት እኔ ነኝ አለች፤ ያዳንሽኝ አንቺ ነሽ አልኳት፤ ከዚያ ስለ ጣሪያው ፍሳሽ አወራን።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው የከበደኝ። የወሩን ወሬያችንን አስታወስኩ። ጫማ፣ ጣሪያ፣ ወፍጮ፣ የትንሹ ሳል። ሁሉም ክር ነው። ክሩ ባይኖር ምን እንባባል ነበር? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ።

በማግስቱ በአሥር ሰዓት ደወልኩላት። ምን ፈለግህ አለች። ምንም አልኳት። ታመሃል እንዴ አለች። ደህና ነኝ አልኳት። ልጆቹ ደህና ናቸው ልትለኝ ስትጀምር ስለነሱ አልጠየቅኩሽም አልኳት። አራት ደቂቃ ያህል እንደዚያ ተሰቃየን። በመጨረሻ ዛሬ ምን ሰፋሽ አልኳት። ይሄን በአሥራ ሰባት ዓመት ጠይቄያት አላውቅም፤ ለምን ብላችሁ እናንተም አትጠይቁኝ።

እሷም ስለ አንዲት ደንበኛዋ ነገረችኝ። ሴትዮዋ አንድ ቀሚስ ሦስት ጊዜ አስሰፍታለች፤ ወፍሬ ነው አትልም፣ ጨርቁ ነው በየሳምንቱ የሚያጥረው ብላ ትምላለች። ጽጌ የሴትዮዋን ድምፅ አስመስላ ስትናገር አቮካዶው ሥር ቁጭ ብዬ በሳቅ ፈረስኩ። ሚስቴ ሰው ማስመሰል እንደምትችል አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ አሥር ሰዓት ሆነ። ከግቢው ስወጣና ስገባ እትዬ ዘሃራ ሰላምታቸው ቀዝቀዝ ሲል አይቻለሁ፣ ግን ልብ አላልኩትም።

ባለፈው ሳምንት ጽጌ ድምፅዋ ሳቅ ሳቅ እያለው እትዬ ዘሃራ ደውለውልኝ ነበር አለችኝ። ማሎ፣ እባክሽ ልጄ፣ የፊተኛውን ተሳስቼ አስደንግጬሻለሁ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ይሄኛው ግን እውነተኛ ነው ብለዋታል። ይሄኛዋ ቁጥር የላትም። ስሟን አይጠራም። በየቀኑ በአሥር ሰዓት ይደውልላታል፣ እንደ ጎረምሳ ይንከተከታል፣ ወላሂ ከመደወሉ በፊት ፀጉሩን ሁሉ ያበጥራል ብለዋታል።

ፀጉሬን ማበጠሬን እኔ ራሴ አላወቅኩም ነበር። ታዲያ ምን አልሻቸው አልኳት።

«እኔ ነኝ ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር» አለች። «ደስ አለኝና ተውኩት። ትንሽ ቀን ውሽማህ ልሁን።»