እትዬ የወርቅውሃ ባርባዶስን ሲመሩ

አሜሪካ ውስጥ ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ፣ ኦክላንድም ይሁን ሳን ሆዜ፣ ሳይጠየቅ የሚመክር አንድ ሰው አይጠፋም። መኪና ልትገዛ ነው ሲባል ከሰማ በማግስቱ ስለ ጎማ ይደውልልሃል። ጉንፋን እንደያዘህ ካንተ ቀድሞ ያውቃል። ሌላው ሰው እንዲህ ዓይነቱን መካሪ ከሩቅ ሲያይ መንገድ ይቀይራል። እኔ ግን ወዴት እሄዳለሁ? ልጃቸውን አግብቻለሁ።

ክብርት አማቴ እትዬ የወርቅውሃ ኦክላንድ አጠገብ ኤመሪቪል ካሉት ትልልቅ ሱቆች ባንዱ፣ መጋረጃ ክፍል ነው የሚሠሩት። መጋረጃ ፍለጋ የገባ ሰው መጋረጃውን፣ የጉልበት ሕመም መድኃኒትና ገና ላልተወለደ ልጁ ስም ይዞ ይወጣል። ምክራቸው ሁልጊዜ “ስማኝማ!” ብሎ ይጀምራል። እሷ ቃል አንዴ ከወጣች ማምለጫ የለም።

ባለፈው ዓመት ታናሽ ወንድማቸው ጥሩነህ ከለንደን ደወለ። “እኔና ዘቢባ ለእረፍት ባርባዶስ ልንሄድ ነው። እናንተስ ለምን አትመጡም? እዚያ እንገናኝ” አላቸው።

እትዬ ወንድማቸውን ካዩት ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። እናታቸው ስትሞት ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ከዚያ እሱ በሱዳን በኩል ለንደን ገባ፣ እሳቸው በኬንያ በኩል ኦክላንድ። መጀመሪያ ወረቀት አገዳቸው፤ ወረቀቱ ሲገኝ ሥራው፣ ሥራው ሲላላ ጉልበታቸው። ያን ቀን ግን ስልኩን እንደያዙ ሳሎን መሐል ዘለሉ። ባለቤቴ መቅዲ “ማሚ፣ ዩር ኒ! ጉልበትሽ!” ብላ ጮኸች። ማን ሰምቷት! ፍላይቱን ቡክ ሳናደርግ ምክሩ ተጀመረ።

እትዬ ባርባዶስን ረግጠው አያውቁም። ግን አብራቸው የምትሠራ አንዲት ባርባዶሳዊት አለች፤ ያቺን ምስኪን በየምሳ ሰዓቱ ይዘው የደሴቲቱን ጉዳይ ጨርሰው አወቁ። ከዚያ በዋትሳፕ ወደ ለንደን ድምፅ መላክ ሆነ ሥራቸው።

“ስማኝማ ጥሩነህ! የእንግሊዝ ቻርጀራችሁ እዚያ ሶኬት ውስጥ አይገባም፤ እንደኛ እንደ አሜሪካው ነው፤ አዳፕተር ያዝ። መንዳቱ ግን እንደናንተ በግራ በኩል ነው። ስለዚህ ከተነዳ አንተ ትነዳለህ፤ የኔ አማች የነዳ ዕለት አልቀናል።” እኔ አጠገባቸው ነው የተቀመጥኩት። “በዋና ልብስ ሱቅ መግባት ነውር ነው። የትም ስትገባ አስቀድመህ ሰላም በል፤ ሰላም ሳይሉ ዋጋ መጠየቅ እዚያም እንደኛው አገር ብልግና ነው። ደግሞ የወታደር ልብስ የሚመስል ዝንጉርጉር ነገር እንዳትለብስ! ክልክል ነው፤ በሕግ! ለሕፃን ልጅ እንኳን አይፈቀድም።”

እኛ ቀድመን ደረስን። እትዬ ኤርፖርቱ በር ላይ ቆመው “ሰው ፊት አላለቅስም፤ ሆቴል ስንደርስ አለቅሳለሁ” ብለው አስጠነቀቁን። ከለንደን የመጣው አውሮፕላን ሰው ሲያፈስ እያንዳንዱን ፊት ይመረምሩ ጀመር። ባርኔጣ ያደረጉ እንግሊዞች አለፉ፣ ሕፃን ያቀፉ አለፉ፣ ጥሩነህ የለም። እጄን ጨምቀው ይዘውት ስለነበር ጣቶቼ ደነዘዙ።

በመጨረሻ አንድ ጸጉሩ የሸበተ ረጅም ሰው ብቅ አለ። ከላይ የተከበረ ኮት ለብሷል። ከታች ሮዝ አበባ የፈሰሰበት፣ ቅልጥሙ ላይ የቀረ የሴት ፒጃማ። ከኋላው ሚስቱ ዘቢባ በሳቅ መራመድ አቅቷት ሻንጣ ተደግፋለች።

ያን ዝንጉርጉር የወታደር ሱሪ ለብሶ መጥቶ ኖሯል! የጉምሩኩ ሰው በትሕትና “ጌታዬ፣ ይህን ለብሰው አይወጡም” ሲለው፣ የራሱ ሻንጣ ዘግይቶበት ከሚስቱ ሻንጣ የተገኘውን ለበሰ።

“እታለም” አለ አንገቱን ደፍቶ፣ “መልእክትሽ ረጅም ነበር። መሐሉ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ።”

“ስማኝማ...” አሉ እትዬ። ዘለው አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ። ሳቁ፣ አለቀሱ፣ ፒጃማውን እያዩ እንደገና ሳቁ። ሰው ፊት አላለቅስም ያሉት ሴትዮ ኤርፖርቱን በሙሉ አስለቀሱት።

በማግስቱ እትዬ “በታክሲ አንሄድም፤ ሕዝቡ በሚሄድበት ሚኒባስ እንሂድ” አሉ። ሚኒባሷ ነጭ ናት፣ ከተማውን በሙዚቃ እያንቀጠቀጠች ትበራለች። እትዬ እግራቸውን እንዳስገቡ “ጉድ ሞርኒንግ!” ብለው ጮኹ። ሚኒባሱ ሙሉ ሰው ባንድ ድምፅ መለሰላቸው! አማቴ በሕይወታቸው እንዲህ ያለ አድማጭ አግኝተው አያውቁም። ፊታቸው በራ። ወደ ባሕሩ እስክንደርስ ዓሣ የያዘች አንዲት ሴት በራሪ ዓሣ እንዴት እንደሚጠበስ አስተማረቻቸው፤ እሳቸው በተራቸው ለሾፌሩ የወገብ ሕመም መላ ሰጡት። ሾፌሩ “የስ፣ ሚስትሬስ!”፣ እሺ እመቤቴ እያለ በመስታወት ውስጥ ራሱን ይነቀንቃል። ስንወርድ ተሳፋሪው በሙሉ እጁን አውለበለበላቸው።

ባሕሩ ዳር ግን ነገር ተበላሸ። እትዬ ከጥላው ሥር ሆነው ትእዛዝ ያዥጎደጉዳሉ። “ስማኝማ፣ ኮፍያ! ስማኝማ፣ ድንጋዩ ጋ ስትደርስ በባዶ እግርህ አትርገጥ፣ እሾሃም ፍጥረት አለ! ስማኝማ፣ እዚያ ዳር ያለው...”

“እታለም፣ በቃሽ!” አለ ጥሩነህ። “ሃምሳ ዓመት አልፎኛል እኮ! ለንደን ቀኑን ሙሉ የሚያዘኝ አለቃ አለኝ። እዚህ የመጣሁት እሱን ልረሳ ነው። ዝም በይልኝ!”

“እሺ” አሉ እትዬ። ብቻ “እሺ”።

ከዚያ ዝም። ይህን ዝምታ ስንት ዓመት ተመኝቼዋለሁ! ሲመጣ ግን አላማረኝም። ምሳ ሲቀርብ ስለ ጨው የተናገረ የለም። ማርጀሪን የመሰለውን ቢጫ ማባያ በርበሬ ነው ሳይሉኝ በማንኪያ ጎረስኩና እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፤ እሳቸው አይተው ዝም። መቅዲ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ “ሺ ኢዝ ስኬሪንግ ሚ” አለችኝ። እኔንም አስፈርተውኛል። ጥሩነህ ጋዜጣ ገለጠ፤ አንድም ገጽ ግን አላዞረም።

ዝናቡ በድንገት ወረደ። ሁላችን ፎጣችንን እያፈስን ስንሮጥ ጥሩነህ ዳር ላይ ወዳለ አረንጓዴ፣ ጥላው ሰፊ ዛፍ ሮጦ ተጠለለ። ግንዱ ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቷል።

“ጥሩነህ! ውጣ ከዚያ!”

ያ ድምፅ ማዕበሉንም ዝናቡንም አስናቀ። ያቺ ጉልበት፣ ደረጃ ስትወጣ የምታቃስተው ጉልበት፣ አሸዋውን እየበተነች በረረች። ወንድማቸውን በሸሚዙ አንቀው ዝናቡ መሐል ጎትተው አወጡት።

“ማንሺኒል ነው! መርዝ ነው! ከቅጠሉ ላይ የወረደ ውሃ ቆዳ ይልጣል! ቀዩን ቀለም አታይም?”

የባሕር ዳርቻው ጠባቂም ይህንኑ እየጮኸ በሩጫ ደረሰ። ጠብታ የነካው የጥሩነህ እጅ ወዲያው ቀልቶ ነበር፤ እትዬ ሳሙና አስመጥተው፣ ልጅ ሳለ እንደሚያጥቡት አድርገው አጠቡለት። ጠባቂው “ዛፉ ሥር ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ዓይኑንም ይነካው ነበር” አለ።

“ይህን ነግረሽኝ ነበር?” አለ ጥሩነህ ቀስ ብሎ።

“ልነግርህ ስጀምር ዝም በይ አልከኝ።”

ጥሩነህ ጎንበስ ብሎ ያን እርጥብ ጉልበታቸውን ሳመ። “ተው፣ አሸዋ አለበት” አሉት። ማታ በረንዳው ላይ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ አገኘሁት። የላኩለትን መልእክቶች ከመጀመሪያው ጀምሮ እየሰማ ነው፤ ፊቱ ላይ ፈገግታ አለ።

የመጨረሻው ቀን ፀሐዩ እንደ እሳት ነበር። ከፊታችን ሁለት እንግሊዛውያን ባልና ሚስት ያለ ጥላ ተዘርግተው እንደ ቲማቲም ቀልተዋል። እትዬ አንዴ አዩአቸው፣ ፊታቸውን አዞሩ፣ እንደገና አዩአቸው። አልቻሉም።

“ጥሩነህ፣ ያገርህ ሰዎች መቃጠላቸው ነው። ንገርልኝ።”

ያ ከምክር ሲሸሽ የኖረ ሰው በፋሻ የተጠቀለለ እጁን ይዞ ተነሣ። እንግሊዞቹ ፊት ቆሞ በጠራ የለንደን እንግሊዝኛ “ታላቅ እህቴ እንዲህ ትላለች” ብሎ ጀመረ። ሸሚዝ እንዲለብሱ፣ ፀሐዩ እስኪበርድ ጥላ እንዲፈልጉ፣ ክሬሙን ከባሕር በወጡ ቁጥር እንዲደግሙት። ከኋላው እትዬ በአማርኛ ያቀብሉታል፤ አንዲት ቃል ሳይጥል ያስተላልፋል። ሰውየው ሸሚዙን ለበሰ። ሴትየዋ ቁጭ ብላ የት ጥሩ ዓሣ እንደሚበላ ጠየቀች።

እኔ ጥላዬ ሥር ተጋድሜ አያገባኝም ብያለሁ። የእረፍት ቀኔ ነው፣ ሰዎቹን አላውቃቸውም፣ ደግሞ በቂ መካሪ አግኝተዋል።

“ውሃም በብዛት ይጠጡ በላቸው!” የሚል ጩኸት ሰማሁ።

የኔ ድምፅ ነበር።