ወደ በረዶ አገር መርከብ ስንመርጥ

ሰው መምረጥ ይወዳል ሲባል እሰማለሁ። እኔ ግን አላምንም። መሃል ከተማ ካሉት ጭማቂ ቤቶች አንዱ ገብታችሁ፣ ጥግ ይዛችሁ ተቀመጡና ታዘቡ። ሰውየው ይገባል፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ከላይ እስከ ታች ያነባል፤ ማንጎው ዛሬ እንዴት እንደሆነ ይጠይቃል፤ አቮካዶው በስሏል ወይ ይላል፤ ፓፓያውን በዓይኑ ይመዝናል፤ አስተናጋጇን ቆማ እንድትደክም ካደረገ በኋላ "በቃ፣ ስፕሪስ አድርጊልኝ" ይላል። ሁሉንም ደራርበሽ አምጪልኝ ማለቱ ነው። ስፕሪስን የፈጠረው፣ ማንም ይሁን ማን፣ መምረጥ አቅቶት የተጨነቀ ሰው መሆን አለበት። እግዜር ይስጠው፤ ስንቶቻችንን ገላግሎናል።

መርከብ ግን ስፕሪስ የለውም።

መርከብና አንተን ምን አገናኛችሁ እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ዕድሜዬን ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ሐዋሳ ባህል አዳራሽ አካባቢ ከባለቤቴ ከአልማዝ ጋር የምኖር፣ ውኃ ማየት ሲያምረኝ ሐይቁ ዳር ወርጄ የምመለስ ሰው ነኝ። ነገሩን ያመጣችው ልጃችን ሜሮን ናት። ኖርዌይ ውስጥ ነርስ ሆና ትሠራለች። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ደወለችና "አባዬ፣ እናንተን የማመጣበት ጊዜ ደረሰ። በመርከብ ላንሸራሽራችሁ ነው። ተራራውን፣ በረዶውን፣ ሁሉን ታያላችሁ። ፎቶ እልክላችኋለሁ፤ የምትፈልጉትን መርከብ እናንተው ምረጡ" አለችን።

እኔ የዚያን ቀን ምሳ የበላሁት አይመስለኝም። ፊዮርድ የሚባለውን ነገር፣ ማለትም ባሕሩ በገደላማ ተራሮች መሐል ዘልቆ ገብቶ የሚተኛበትን ጥልቅ ሸለቆ፣ በጠመኔ ስንት ጊዜ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደሣልኩት ለራሴም አይቆጠርም። ተማሪዎቼ "ቲቸር፣ አይተውታል?" ብለው ሲጠይቁኝ "ደወሉ ሊደወል ነው፣ ጻፉ" እላቸው ነበር። አሁን እንግዲህ ልጄ በሥዕል የማውቀውን በዓይንህ ላሳይህ ስትለኝ፣ የሽማግሌ ልብ እንኳ ቢሆን ይዘላል።

ፎቶዎቹ በቴሌግራም መጡ። አንደኛው መርከብ ፎቅ በፎቅ ላይ የተከመረበት፣ መዋኛው፣ ቲያትሩ፣ ምግብ ቤቱ ሁሉ በሆዱ ውስጥ የሆነ ግዙፍ ነገር ነው። ሁለተኛው ትንሽ ነው፤ በየመንደሩ እየቆመ ዕቃም ያራግፋል፣ አገሬውንም ያሳፍራል፤ ግን ጠባቡ ፊዮርድ ውስጥ ዘልቆ መግባት የሚችለው እሱ ነው። መኝታ ክፍሉም ደግሞ ምርጫ አለው፤ በረንዳ ያለው፣ መስኮት ያለው፣ ከነአካቴው መስኮት የሌለው። ወሩም እንደዚሁ። ፀሐይ የማትጠልቅበት ወር አለ፤ ፀሐይ የማትወጣበትም አለ፤ ሜሮን ግን በፀሐዩ ጊዜ ብትመጡ ይሻላል ብላናለች። እኔ ሁሉንም ወረቀት ላይ አስፍሬ በማስመሪያ እየለካሁ ስከራከር፣ አልማዝ ሽንኩርቷን እየከተፈች "አንተ ሰው፣ ፈተና ልታወጣ ነው እንዴ?" አለችኝ።

የሐዋሳን ሰው ታውቁታላችሁ፤ ጎረቤት ሳይመክርበት የሚያልቅ ጉዳይ የለም። ጴጥሮስ የሚባል፣ ቦንዳ ልብስ የሚነግድ ጎረቤት አለን። መርከብ አይቶ አያውቅም፤ ግን ኮት ስለሚሸጥ ስለ ብርድ አገር የሚያውቅ እሱ ነው ተብሎ ይታመናል። "ትልቁን ያዙ፤ ትንሹ ይንጣችኋል" አለ። እኔ ደግሞ አልናጥም ብዬ፣ አልማዝን ለመፈተን አስቤ ሐይቁ ዳር ወሰድኳት። ይህን ሁሉ ዘመን አጠገቡ ኖራ ጀልባ ላይ ወጥታ አታውቅም። ገና ስንሳፈር መዝሙር ጀመረች፤ ጉማሬዎቹን ስታይ ዝም አለች፤ ከዚያ ደግሞ ቀጠለች። ነፋሱ ተነሣና ጀልባዋ መወዛወዝ ጀመረች። ያስመለሰው እኔን ነው።

ነገሩ የተገለበጠው ግን በዚያ ሳምንት፣ የሰፈር ጸሎታችን እኛ ቤት በዋለ ጊዜ ነው። ስለ መንገዳችን ተጸለየ፤ ስለ መርከቡም ስለ ቪዛውም ተጸለየ። ሲያበቃ ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት እማማ ዳንሴ አልማዝን ያዝ አድርገው "የልጅቷን ቤት ስትገቡ ጸልዩበት እንግዲህ። ወላጅ ያልጸለየበት ቤት ምን ቤት ነው? ለመሆኑ ስንት ክፍል አላት?" አሏት። አልማዝ እኔን አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ሁለታችንም አናውቅም።

ሜሮን በደወለች ጊዜ አልማዝ "መርከቡ ደግ ነው፤ ቤትሽንስ መቼ ነው የምናየው?" ብላ ጠየቀቻት። ሜሮን ወሬውን ወደ መንገዱ መለሰችው። ከዚያ መርከቡ የሚነሣው ከሌላ ከተማ መሆኑን፣ መንገዱ እንደማይመች፣ እንዳንደክም እንደፈራች፣ ከአውሮፕላን በቀጥታ ወደ መርከቡ ብንሄድ እንደሚሻል አስረዳችን። እኔ አትላሱን ገልጬ "ልክ ናት፣ ዙሪያ ጥምጥም ነው" አልኩ።  ስልኩ ሲዘጋ አልማዝን የታጠበውን ሰሃን እንደገና ስታጥብ አየኋት። ይህን ስታደርግ ዝም ማለት ይሻላል፤ ያገባችሁ ታውቁታላችሁ።

"አንተ በቪዲዮ ስትደውል ምኗን ነው የምታየው?" አለችኝ በመጨረሻ።

"ፊቷን ነዋ።"

"እኔ ጀርባዋን ነው የማየው። ሁሌ ያው ግድግዳ ነው። ስታበስል አይተሃታል? አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነው ድስቱን የምታማስለው። ተነሥታ አታውቅም፤ ምድጃው አጠገቧ ነው። ልጄ ቤት የላትም።"

 የባሕሩን ጥልቀት በሜትር የማውቀው ሰውዬ ልጄ የምትተኛበትን አላየሁም።

በሚቀጥለው ጥሪ አልማዝ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። "ሜሪዬ፣ መርጠናል" አለቻት። መምረጣችንን እኔም የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

"ጎሽ! የትኛውን?"

"ትንሹን። ክፍሉም መስኮት የሌለው ይሁን። ለሦስታችንም አንድ ክፍል ይበቃናል።"

"እማዬ ደግሞ! ሦስት ሰው እንዴት ሆኖ? ጠባብ ነው እኮ።"

"ካንቺ ቤት ይጠባል?"

 "አይ" አለች ሜሮን ድምፅዋ ቀጥኖ፣ "መርከቡ ትንሽ ይሰፋል።"

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ነገረችን። አንድ ክፍል ናት፤ መታጠቢያውን ከሌሎች ተከራዮች ጋር ነው የምትጠቀመው። "ልጃችን ውጭ አገር ናት እያላችሁ ለሰው ስትናገሩ እሰማለሁ። መጥታችሁ ይቺን ብታዩስ ብዬ አፈርኩ። መርከብ ላይ ግን የሁሉም ሰው ክፍል ጠባብ ነው፤ ማንም አያፍርም" አለች። ይህን ሁሉ ያሰበችው እንግዲህ እኛ እንዳናዝን ነው። በረዶውም ተራራውም ሰበብ ነበር።

አልማዝ አላዘነችም፤ ተቆጣች። "አራታችሁን ልጆቼን ቱላ ሰፈር በአንድ ክፍል ያሳደግኩት ማን ሆኜ ነው? አባትሽ የተማሪ ደብተር የሚያርመው ደጅ ወጥቶ ነበር። የዚያን ጊዜ ማን አፈረ? መርከቡ ይቅር። ፍራሽ ወለሉ ላይ አንጥፊልን፤ ቤትሽ ነው የምንመጣው። መጀመሪያ እንጸልይበታለን፤ ከዚያ እስክትሰለቺን እንቀመጣለን።"

ልክ ናት። ሁሉም ነገሯ ልክ ነው። ግን መቼም ሰው ነኝና ቅር አለኝ። ሳላስበው ከጎን ሆኜ "ፊዮርዱስ?" የሚል ድምፅ ወጣኝ። ከረሜላ እንደተነጠቀ ልጅ ነው ያልኩት ብትሉኝ አልቀየማችሁም።

ሜሮን ሳቀች። "ፊዮርዱ እኮ እዚሁ ነው፣ አባዬ። ሥራ የምሄደው በጀልባ እሱን ተሻግሬ ነው። ጠዋት ሄጄ ማታ በዚያው ነው የምመለሰው።"

"በየቀኑ? ታዲያ እንዴት ነው? ያምራል?"

"እንጃ። ውስጥ ገብቼ ኮቴን ተከናንቤ ዓይኔን እጨፍናለሁ። በብርዱ ወራት ደግሞ ስሄድም ጨለማ ነው፣ ስመለስም ጨለማ ነው። ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋው ላይ የምቀመጥበት ቀን አለ። የሚከብደው ያ ወር ብቻ ነው፤ ሌላው ደህና ነው። ለዚህ ነው በፀሐዩ ጊዜ ኑ ያልኳችሁ።"

 ይህን ሁሉ ሳምንት እኔ በማስመሪያ፣ ጴጥሮስ በኮት፣ ጎረቤት በጸሎት ያልቆረጥነውን አልማዝ እዚያው ቆማ ቆረጠችው።

"በጨለማው ወር ነው የምንመጣው" አለች። "ማታ ስትመለሺ መብራቱ በርቶ፣ ወጡም ሞቆ ታገኚዋለሽ።"

"እሺ፣ እማዬ" አለች ሜሮን። ልጅ እያለች ሲያማት የምትለው ዓይነት እሺ ነበር።

ቪዛው ገና ነው፤ ይሰጡን አይሰጡን ማን ያውቃል። ጴጥሮስ ግን ከወዲሁ ከቦንዳው ወፍራም ወፍራሙን ኮት እየለየልን ነው። የምንሄድበትን ወር ስንነግረው እጁን ከኮቱ ላይ አነሣና አልማዝን በመገረም አያት። ያን አገር የሚያውቅ ሰው ሁሉ ከዚያ ወር እንደሚሸሽ ሰምቷል።

"እትዬ አልማዝ፣ ያን ሁሉ መንገድ የምትሄዱት ጨለማ ለማየት ነው እንዴ?" አላት።

"አዎ" አለችው።