የታሰረው መሰላል

ፈሪ ሰው ዕድሜው ይረዝማል ይላሉ። በኔ ዕድሜ ስመሰክር፣ ውሸት አይደለም። ደረጃ ስወርድ ግድግዳ እይዛለሁ፤ ሻይ ሳላቀዘቅዝ አልጠጣም። ሳቁብኝ ግድ የለም። ግን ፈሪ አጠገቡ ያሉትንም ያተርፋል ብላችሁ እንደሆነ፣ ቆዩማ፣ አንድ ነገር ላጫውታችሁ።

በጃንሆይ ጊዜ፣ ደምበጫ አጠገብ ስንኖር፣ ከደብረ ማርቆስ የተመደበ አንድ ድሬሰር በበቅሎ እየዞረ ይጎበኘን ነበር። ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ ወጣት ነው፤ እኛ ግን ሐኪም እንለዋለን። ቁስሉን ከማየቱ በፊት ቤቱን ያያል። እዚህ ልጅ የሚያቃጥለው ምንድን ነው? የሚቆርጠውስ? እያለ ይጠይቃል። ሌላው ሰው፣ ልጅ የሚያሳድገው እግዜር ነው እያለ ይስቅበታል። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ እሱን ስጠብቅ የኖርሁ መሰለኝ። ምድጃውን በድንጋይ ከለልሁ። ማጭድ፣ ቢላዋ፣ ላምባ፣ ምን የቀረ አለ፣ ሁሉንም በመሰላል ቆጥ ላይ አወጣሁ። የማሩን ማሰሮ ሳይቀር! ቢሰበር ገሉ ልጄን ይቆርጣታል ብዬ።

ጎረቤቶቼ፣ አያ ይሁኔ ቤቱን ገልብጦ መኖር ጀመረ አሉ። ድሬሰሩ ግን ሰንበቴ ላይ በሰው ፊት፣ ሂዱና የአያ ይሁኔን ቤት እዩ ብሎ አመሰገነኝ። እንዴት እንደ ኮራሁ! ሲሰናበተኝ፣ ከቆጡ በወረዱ ቁጥር መሰላሉን ያንሱት አለኝ። ይህችን ብቻ በራሴ አሻሻልኋት። መሰላሉ ተንሸራቶ ባለቤቴን ቢጥላትስ? በጠፍር ከምሰሶው ጋር ጥርቅም አድርጌ አሰርሁት። በሬ ቢስበው አይነቃነቅም።

የአራት ዓመቷ ልጄ ይታይሽ ማሩ የት እንደ ገባ ደረሰችበት። ወጣች። ከላይ ወደቀች። ክርኗ ተሰበረ።

የፈሩት ይደርሳል፤ ይሁን። ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ። ድሬሰሩ ያን ዕለት ደምበጫ ገበያ ነበር፤ ቢበዛ የሁለት ሰዓት መንገድ። ግን ምን ብዬ ልሂድ? በሰንበቴው ፊት ያመሰገነኝን ሰው በምን ዓይኔ ልየው? ልጄን በጋቢ ሸፍኜ ወጌሻ ዘንድ ወሰድኋት። ወጌሻው ዳሰሰና፣ ይህ መገጣጠሚያ ነው፣ የኔ ሥራ አይደለም፣ ለሐኪሙ አሳያት አለኝ። ለምኜ አሳሰርኋት።

ድሬሰሩ በወሩ ሲመጣ ክንዷ እንደ ተጣመመ ጠንክሯል። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ እጇን ይዞ ክርኗን ሊያጥፍ ሞከረ፤ አልታጠፈም። ከዚያ፣

«አያ ይሁኔ፣ እኔ እኮ የምዞረው ለልጆቹ ነበር፤ ለቤትዎ አልነበረም» አለኝ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል፣ የራሱን የደበቀ ይመስለኝ ነበር። እኔ የልጄን ደበቅሁ።

ይታይሽ ዛሬ የልጅ ልጅ አይታለች። ጠጉሯን የምታበጥረው በግራ እጇ ብቻ ነው። አንድ ቀን እንኳ ወቅሳኝ አታውቅም። ባለፈው አሮጌው ቤት ሲፈርስ፣ ሦስት ጎረምሶች መሰላሉን ከምሰሶው ለማላቀቅ ሲታገሉ አብረን ቆመን እናያለን። እኔ አንገቴን ደፍቻለሁ። ደህናዋን እጇን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችና፣

«አይዞዎት አባዬ» አለችኝ፣ «መሰላሉስ አልወደቀም።»