አንድ ጠርሙስ የማያምኑት አለቃ

ማስታወቂያ ሰሌዳ ባለበት ሁሉ፣ ከሰሌዳው ፊት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የቆመ አንድ ተጠራጣሪ አይጠፋም። ማስታወቂያውን ከላይ እስከ ታች ያነባል፣ ቀኑን ያያል፣ ማህተሙን ያያል፣ ወረቀቱ የተለጠፈበትን ፕላስተር ሳይቀር በጥፍሩ ይነካካል። ከዚያ አጠገቡ ወዳለው ሰው ዘወር ብሎ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ "ለወግ ነው፤ ሰዎቹ እኮ ቀድመው ተመርጠዋል" ይላል። ይህን ሰው አላውቀውም የሚል ካለ በሕይወቱ ምንም ነገር አመልክቶ የማያውቅ መሆን አለበት።

ለውሃ ጥራት ላቦራቶሪው ሠራተኞች የደረሷቸው ክቡር ተጠራጣሪ አለቃቸው ናቸው። ከጀርባቸው "አቶ ለወግነው" ይሏቸዋል፤ ፊት ለፊት ግን "ጋሼ" ነው። ጋሼ የግድግዳውን ሰዓት በእጅ ሰዓታቸው፣ የእጅ ሰዓታቸውን በስልካቸው ያመሳክራሉ። አንድ ባልደረባ ጡረታ ሲወጣ የመሸኛ ንግግር ያደረገው ኃላፊ እንባ ቢተናነቀው፣ ጋሼ ወደ ጎን ጠጋ ብለው "ባለፈው ሌላ ሰው ሲሸኝም ንግግሩ እዚሁ ቦታ ሲደርስ ነው ያለቀሰው" አሉ። ከየሰፈሩ ቧንቧ የሚመጣውን ናሙና ሁሉ በሁለት ጠርሙስ ያስቀዳሉ። አንዱ ይመረመራል፤ ሌላው ታሽጎና ተፈርሞበት፣ ቁልፉ ከኪሳቸው በማይወጣው ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል። ደንቡ እንዲህ አድርጉ አይልም። ለምን ተብለው ሲጠየቁ መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው።

"አንድ ጠርሙስ አላምንም።"

ሰባት ዓመት በሥራቸው የሠራችው ረዳታቸው ለሁለተኛ ዲግሪ ላመልክት ነው ስትላቸው ታዲያ፣ የዩኒቨርሲቲውን ማስታወቂያ ከእጇ ተቀብለው እንደተበከለ ውሃ ወደ ብርሃን አንስተው አዩት። ዘንድሮ ካልሆነላት መቼም ላይሆንላት ይችላል። መሥሪያ ቤቱ የትምህርት ፈቃድ የሚሰጠው በየሦስት ዓመቱ ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ተራው ዘንድሮ የእሷ ነበር፤ ካመለጣት ወደ ሌላ ክፍል ይዞራል።

"አርብ ከሰዓት ነው የወጣው" አሉ ጋሼ። "ሰው እንዳያየው።"

"እኔ አይቼዋለሁ እኮ ጋሼ።"

"አሥራ ሁለት ቦታ ይላል። ለምን አሥራ ሁለት? አሥር አይሆንም? አሥራ ሁለት ዘመድ አላቸው ማለት ነው።"

የመግቢያ ፈተናው ሃምሳ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ውጤት ሠላሳ፣ ቃለ መጠይቁ ሃያ በመቶ እንደሚያዝ ስታነብላቸው ሃያዋ ላይ አስቆሟት። "አየሻት? እሷ የጓሮ በር ናት። የፈለጉት ሰው የሚገባው በእሷ ነው።" የቀድሞ ትምህርት ቤቷ ውጤቷን አሽጎ በቀጥታ እንደሚልክ ስትነግራቸው ደግሞ ሳቁ። "እንፋሎት የማይከፍተው ፖስታ የለም ልጄ። ውሃ ማፍያ ላይ ሁለት ደቂቃ መያዝ ነው።"

"ሁሉም ለወግ ከሆነ ለምን አመለክታለሁ ታዲያ?"

"ለወግ መሆኑን ታረጋግጪያለሽ።"

ይህን እያሉ ግን ያለፉትን ስድስት ዓመታት የመግቢያ ፈተናዎች ከየት እንዳመጡ ሳይናገሩ ፎቶኮፒ አድርገው ጠረጴዛዋ ላይ ቆለሉላት። ጠዋት ጠዋት ጋዋናቸውን እስከ አንገታቸው እየቆለፉ "ትናንት ስንት ጥያቄ ሠራሽ?" ይሏታል። አሥር ካለች አምስት ነው ብለው ይይዙላታል።

ሰው ከእንዲህ ያለ አለቃ ጋር ሰባት ዓመት ኖሮ ጤነኛ ሆኖ አይወጣም። ጥርጣሬ እንደ ጉንፋን ይጋባል፤ እሷንም ያዛት። ያዛትም በራሳቸው በጋሼ ላይ ነው። ማመልከቻው ከቅርብ አለቃ የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃል፤ ታሽጎ፣ ግማሹ ክዳኑ ላይ ግማሹ ፖስታው ላይ እንዲያርፍ ተፈርሞበት። ይህን የሰማችው ዕቃ አጣቢዋ ጠርሙሶቿን እያለቀለቀች፣ ቀና ሳትል፣ "ጋሼ እኮ ያላንቺ አንድ ቀን አይውሉም" አለቻት። "ጥሩ ነገር ጽፈው በገዛ እጃቸው ይለቁሻል? እኔ እንጃ።"

እኔ እንጃ የምትለው ቃል ሳምንቱን ሙሉ አብራት ከረመች። ማመልከቻው የሚዘጋበት ቀን ደረሰ። ጋሼ ጠዋት ፖስታውን ሰጧት፤ ትንሽ አፍጥጠው አዩአት፤ "እንዳለ አድርሺው" አሉና ናሙና ሊያስቀዱ ወደ ግድቡ ሄዱ። እንዳለ ማለት ምን ማለት ነው? ፖስታውን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ያዘችው። ወረቀቱ ታጥፎ ስለተደራረበ ከጽሑፉ ሁሉ በግልጽ የተነበበላት አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ "ተጠራጥሬ" ይላል።

ሰባት ዓመት ሙሉ እሳቸው ያላመኑትን ጠርሙስ ሁሉ የቀዳችው፣ ያሸገችው፣ የመዘገበችው እሷ ናት። አሁን በእሷም ተጠራጥረዋል ማለት ነው።

በምሳ ሰዓት ሌሎቹ ሲወጡ ማፍያውን ለኮሰች። ሁለት ደቂቃ ያሉት ሦስት ፈጀ። ደብዳቤው በጋሼ የተጠጋጋ የእጅ ጽሑፍ የተሞላ አንድ ገጽ ነበር። ግማሹ የሥራዋ ምስክርነት ነው፤ በሰባት ዓመት ውስጥ ከመዘገበቻቸው ውጤቶች በአንዱም ላይ ስህተት ሊያገኙ እንዳልቻሉ፣ ይህንንም ሳታውቅ ሁለት ጊዜ እንዳጣሩ ይናገራል። መጨረሻው እንዲህ ይላል፦

"እኔ ራሴ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ለዚሁ የትምህርት ክፍል አመልክቼ፣ ፈተናውን አልፌ ለቃለ መጠይቅ ተጠርቼ ነበር። ምርጫው አስቀድሞ ያለቀ ነው ብዬ ተጠራጥሬ ሳልሄድ ቀረሁ። በዚያ ዓመት ሦስት ቦታ ሰው ጠፍቶለት ክፍት መቅረቱን የሰማሁት በኋላ ነው። አመልካቿ ከእኔ ትሻላለች። ከጠራችኋት ትመጣለች።"

ዕቃ ማጠቢያው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ያፈረችውን ያህል አፍራ የምታውቅ አልመሰላትም። ከዚያ ፖስታውን በላቦራቶሪው ሙጫ መልሳ አሸገች፤ ፊርማው ግን በእንፋሎቱ ርሶ ዳር ዳሩ ሰማያዊ ጭጋግ ሆኗል። ጋሼ ጋ ደወለች፤ ግድቡ ጋ ከወረዱ ስልካቸው አይሠራም። ማመልከቻ የሚቀበለው ቢሮ ሊዘጋ ሁለት ሰዓት ቀርቶታል። ምን ምርጫ አላት፤ ይዛው ሄደች።

የድህረ ምረቃ ክፍሉ ጸሐፊ መነጽሯን በክር ከአንገቷ ያንጠለጠለች፣ ፖስታ ስታገላብጥ ዕድሜዋን የጨረሰች ሴትዮ ናት። መነጽሩን አደረገች፣ ክዳኑን አየች፣ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

"ይሄ እንፋሎት አይቷል እህቴ።"

ፖስታውን መልሳ ልትወስደው እጇን ዘረጋች።

"በየዓመቱ አሉ፤ አንቺ የመጀመሪያዋ አይደለሽም" አለች ጸሐፊዋ፣ ሳትቆጣ። "እሽጉ የተነካ ደብዳቤ አንቀበልም። ያለ አለቃ ደብዳቤ ደግሞ ፋይልሽ ጎዶሎ ነው፤ ወደ ፈተና አይተላለፍም። ሌላ ታሽጎ ይምጣልሽ።"

"ዛሬ አይደርስም። ግድቡ ጋ ናቸው።"

"ማናቸው?" ጸሐፊዋ ቀና አለች። "የውሃ ላቦራቶሪው አለቃ? ጋዋን ለብሰው የሚዞሩት?" መዝገቡን ወደ ራሷ ጎትታ ገጽ ገለጠች። "ሰውዬው እኮ ባለፈው ሳምንት በእጃቸው አምጥተው ሰጥተውኛል። ቁጥር ስጽፍ ቆመው አዩኝ። ካቢኔው ውስጥ ሳስገባው ቆመው አዩኝ። ቆልፌ ቁልፉን እስካወጣ አልሄዱም። በማግስቱ መጥተው አሁንም አለ ወይ ብለው ጠየቁ። አለ ስላቸው አሳዪኝ አሉ።" ከካቢኔው ያወጣችው ፖስታ ደረቅ ነው፤ ፊርማው አንድ መስመር አልተንቀሳቀሰም። "ፋይልሽ ሙሉ ነው። ያኛውን ግን ቅደጂው፤ ያሳፍራል።"

ወደ ላቦራቶሪው ስትመለስ ጋሼ ከግድቡ መጥተው የቀኑን ጠርሙሶች ጥንድ ጥንዱን ያሰልፋሉ።

"ተቀበሉሽ?"

"ከፍቼው ነበር ጋሼ።"

"አውቃለሁ። የማፍያው ውሃ ሁለት ጣት ጎድሏል።"

"ግን እኮ ያኛውን ያስገቡት ከመክፈቴ በፊት ነው። እንደምከፍተው በምን አወቁ?"

ጋሼ አንዱን ጠርሙስ አሽገው ፈረሙበትና ማቀዝቀዣውን ከፍተው አስገቡት። "ያስተማርኩሽ እኔ አይደለሁ?" አሉ። "አንድ ጠርሙስ አላምንም።"

እሷም በዚያች ሰዓት ወደደቻቸው፤ ሰባት ዓመት ያማረረችባቸውን ሁሉ ረስታ፣ እንደ አባት ወደደቻቸው።

ፈተናውን አለፈች። ለቃለ መጠይቅ ስትጠራ ጋሼ "በዚያ በኩል ጉዳይ አለኝ" ብለው አብረዋት ሄዱ፤ ምንም ጉዳይ አልነበራቸውም። እስክትገባ በሩ ጋ ቆሙ። ስትወጣ እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ጋዋናቸው እስከ አንገት ተቆልፎ፣ ተቀምጠው አገኘቻቸው። "ካንቺ በፊት የገባው ልጅ ሲወጣ እየሳቀ ነበር፤ አላማረኝም" አሏት።

ውጤቱ የተለጠፈ ቀን ከሰሌዳው ፊት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። ቀኑን አዩ። ማህተሙን አዩ። ፕላስተሩን ነካኩ። ስሟ አራተኛ ላይ ነበር። እሷ አፏን ይዛ ቆማ፣ አጠገባቸው ያለ አንድ የማያውቁት አመልካች "ለወግ ነው መቼም፤ ቀድመው የመረጧቸው ናቸው" አላቸው። ጋሼ ዞረው ከእግር እስከ ራሱ ገላመጡት።

"ሬጅስትራሩ በር ላይም ሌላ ዝርዝር ተለጥፏል አሉ" አሏትና ሄዱ። ሕንጻውን ዞረው ለመመለስ ሩብ ሰዓት ፈጀባቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በጋዋናቸው ጫፍ እየጠረጉ መጡ፤ ዓይናቸው ቀልቷል።

"እዚያኛውም ላይ አለሽ" አሉ።