የእትዬ እታፈራሁ ነፃ ሰዓት

ለንደን ውስጥ ያለ የሐበሻ ማኅበር ያለ ሊቀ መንበር ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ ያለ ጸሐፊም ሲቆይ አይተናል። ያለ ፕሮግራም አውጪ ግን አንድ ቅዳሜ አያልፍም። ይህን ሰው ታውቁታላችሁ። ብራይተን ባሕር ዳር ለሽርሽር ስትሄዱ ዝናብ ቢመጣ የት እንደምትጠለሉ፣ ዝናቡ ቢቀር ደግሞ ጃንጥላውን ማን ሲሸከም እንደሚውል ከሳምንት በፊት የወሰነ ሰው ነው። ሁላችንም እንቀልድበታለን። ሁላችንም ከኋላው እንከተላለን።

የእኛ የዊልስደን ሰፈርተኞች ፕሮግራም አውጪ ክብርት ወይዘሮ እታፈራሁ ናቸው። እኔ ከእሳቸው በላይ ያለው ፎቅ ላይ ስለምኖር አዋጃቸው ቀድሞ የሚደርሰው እኔ ዘንድ ነው። አጠር ያሉ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ ቀኝ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ሃያ ዓመት በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል የሠሩ ሴት ናቸው። ሁለት አባባል አላቸው። አንድ ነገር ስትጠይቋቸው፣ «እሱ ገጹ ላይ አለ» ይላሉ። ስትከራከሯቸው ደግሞ፣ «ቀድሞ የደረሰን ሰው ማን ይጠይቀዋል?» ይላሉ። ለሁለተኛው መልስ ያገኘ ሰው እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

በፈረንጆቹ 1996 ጡረታ ሲወጡ የሥራ ባልደረቦቻቸው አዋጥተው የአምስት ቀን የመርከብ ጉዞ ሰጧቸው፤ በራይን ወንዝ ላይ፣ ለሁለት ሰው። አብረዋቸው ሊሄዱ የነበሩት የልብ ጓደኛቸው ወይዘሮ ኤልፍነሽ ነበሩ። ጉዞው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ወይዘሮ ኤልፍነሽ ከአውቶቡስ ሲወርዱ እግራቸው ወለም አለ። እኔም ላጽናና ብዬ ወደ ታች ወረድኩ። እትዬ እታፈራሁ መጽናናት አላስፈለጋቸውም። ፕሮግራም የሚጽፉበትን ወፍራም ክላሰር ገልጠው አንድ መስመር አሳዩኝ፤ «ኤልፍነሽ ካልቻለች፦ ኃይለልዑል» ይላል፤ ኃይለልዑል እኔ ነኝ። ቀኑን አየሁት። የተጻፈው ከሁለት ወር በፊት ነው።

«እኔኮ አልተጠየቅኩም» አልኩ።

«አሁን ተጠየቅህ» አሉ። «ኤድመንተን ያለው የምትሠራበት መጋዘን ሐምሌ ላይ ፈቃድ እንደሚሰጥም ቼክ አድርጌያለሁ።»

የወንዝ መርከብ ጉዞ ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ልንገር። መርከቡ በየከተማው ይቆማል፤ አስጎብኚዋ ቀይ ባንዲራ ከፍ ታደርጋለች፤ አርባ ሰው ይከተላታል። ከዚያ በኋላ ድርጅቱ «ነፃ ሰዓት» ብሎ የጻፈው ይመጣል። ሌላው መንገደኛ በዚህ ሰዓት ቢራ ይጠጣል። ለእትዬ እታፈራሁ ግን ነፃ ሰዓት ማለት ማንም ያላቀደው፣ ስለዚህ አንድ ሰው በአስቸኳይ ሊያቅደው የሚገባ ሰዓት ማለት ነው።

ለየከተማው የቱሪስት ቢሮ በእጃቸው ደብዳቤ ጻፉ። ከጀርመን ካርታና ሥዕል የታጨቀባቸው ፖስታዎች ይጎርፉ ጀመር፤ ፖስተኛው ሴትየዋ አገር ሊገዙ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ጉልበታቸው በአሥር ደቂቃ ምን ያህል እንደሚያስኬዳቸው ለመለካት ከቤታቸው እስከ ዊልስደን ላይብረሪ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። ከዚያ ወዲህ ርቀትን የሚናገሩት በላይብረሪ ሆነ። «ከመርከቡ እስከ ካቴድራሉ አንድ ላይብረሪ ነው፤ ከካቴድራሉ እስከ ሙዚየሙ ግማሽ።»

ይህም አልበቃ። አንድ ቅዳሜ ለልምምድ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ወሰዱኝ። የዚያን አደባባይ የምድር ውስጥ መተላለፊያዎች የሚያውቅ ያውቃቸዋል፤ በአንዱ ገብተህ በየት እንደምትወጣ እግዜር ነው የሚያውቀው። «እዚህ ያልጠፋ ኮሎኝ ከተማ አይጠፋም» ብለው ካርታ ሰጥተው ላኩኝ። ሁለት ጊዜ እሳቸው ከቆሙበት ተቃራኒ ወጣሁ። በሦስተኛው ሳገኛቸው ክላሰሩ ላይ የሆነ ነገር ጻፉ። ላየው ስል ዘጉት።

«እትዬ፣ ይሄ ሁሉ ለሁለት ሰዓት ሽርሽር?»

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» አሉና ቀሪውን ለእኔ ተዉልኝ።

መርከቡ ላይ ሁለት ቀን ሁሉም ነገር እንደ ገጹ ሆነ። የምንቀመጥበት አግዳሚ ወንበር እንኳ ጥላው በዚያ ሰዓት የት እንደሚያርፍ ታስቦ የተመረጠ ነበር። በሁለተኛው ቀን አንድ የእንግሊዝ ባልና ሚስት ቀዩን ባንዲራ ትተው በዝግታ ከኋላችን ይከተሉ ጀመር። እኔ ግን ሦስተኛው ቀን ላይ፣ ኮሎኝ ከተማ፣ ታከተኝ። ካቴድራሉን እንዳየን፣

«እትዬ፣ እኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው» አልኳቸው። «አንድ ሰዓት ብቻዬን ልዙር።»

«እሱ ገጹ ላይ የለም።»

«እኔም የፈለግኩት እሱን ነው፤ ገጹ ላይ የሌለውን።»

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ፊታቸው ላይ ያየሁት ግን ቁጣ አይደለም፤ ፍርሃት ነው። ምን እንደሚያስፈራቸው አልገባኝም። «አሁን አምስት ሰዓት ከአርባ ነው፤ መርከቡ ሰባት ሰዓት ላይ ይነሳል። ስድስት ተኩል እዚያ ሁን» አሉ፤ ዞረውም በዚያች ጉልበታቸው ቀስ እያሉ ሄዱ።

ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ፤ ቋሊማ ገዝቼ እየሄድኩ በላሁ። ካቴድራሉ አጠገብ ባለው ትልቅ የብረት ድልድይ ላይ ቆሜ ባቡሮቹ በጎኔ ሲያልፉ፣ ጀልባዎቹ በሥሬ ሲያልፉ አየሁ። ድልድዩን ተሻግሬ በማዶ ሣር ላይ ቁጭ አልኩ። ሰዓቴን ሳየው ስድስት ሰዓት ይላል፤ ከእሳቸው ከተለየሁ ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው። ይኼን ሁሉ ዞሬ ሃያ ደቂቃ! ነፃነት ጊዜን ያስረዝማል ብዬ ተፈላሰፍኩ።

ያን ጊዜ የመርከብ ጡሩምባ ሰማሁ። ቀና ስል ነጩ መርከባችን ከወዲያኛው ዳር እየተላቀቀ ነው።

ነገሩ ኋላ ነው የገባኝ። ከለንደን ስንነሳ ሰዓቴን አንድ ሰዓት ወደፊት እንዳደርግ ነግረውኝ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ከእሳቸው ጋር ስለዋልኩ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ሰዓት ማየት አላስፈለገኝም። የእጄ ሰዓት አሁንም ዊልስደን ነበር።

ወደ ድልድዩ ሮጥኩ። ትራቭል ዶኩመንቴ፣ ለስደተኛ በፓስፖርት ፈንታ የሚሰጠው ወረቀት፣ መርከቡ ላይ፣ እንግዳ መቀበያው ካዝና ውስጥ ነው። ወረቀት የሌለው ሰው በሰው አገር ምን እንደሚሆን ከሱዳን ጀምሮ አውቀዋለሁ። ፖሊስ የመሰለኝን ሁሉ፣ አንድ የፖስታ ሠራተኛ ሳይቀር፣ ፊቴን አዙሬ አለፍኩ። ከድልድዩ መሐል ወደ ታች ሳይ መርከቡ ቆሞበት የነበረው ባዶ ነው። ሰውም የለም፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ከተቀመጠች አንዲት አጭር ሴት በቀር።

«እትዬ!» አልኩ አጠገባቸው ስደርስ፤ ትንፋሼ ተቆርጧል። «እርስዎ ምነው አልሄዱም?»

«ፕሮግራሙ ለሁለት ሰው ነው» አሉ።

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት በእጃቸው አስቆሙኝ። ክላሰሩን ከፈቱ። አንድ ገጽ አወጡ፤ የተጻፈው በዚያ በኤሌፋንት ኤንድ ካስሉ ቅዳሜ ነው፤ ርዕሱ «መርከቡ ጥሎን ከሄደ» ይላል። ከሥሩ የባቡር ሰዓት፣ ከጣቢያው እስከ ወንዙ ያለው ርቀት በላይብረሪ፣ የሁለታችንም ወረቀት ፎቶ ኮፒ አለ። «መርከቡ ቀጥሎ ቦን ነው የሚቆመው። ወንዙን ሽቅብ ስለሚሄድ ሦስት ሰዓት ይፈጅበታል፤ ባቡሩ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ተነስ።»

ቦን ደርሰን ወንዙ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ስንቀመጥ መርከቡ ሊመጣ ገና ከአንድ ሰዓት በላይ ይቀረው ነበር።

«አሁንስ ምን እናድርግ?» አልኩ።

ክላሰሩን ገለጡ፤ አገላበጡ፤ ዘጉት። «ምንም የለም» አሉ፤ ራሳቸውም የተገረሙ መሰሉ። «እንዴት እንደምንደርስበት ነው የጻፍኩት። ቀድመነው ከደረስን ምን እንደምናደርግ አልጻፍኩም።»

አሸዋ የጫነ ረጅም ጀልባ አለፈ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው ጀመሩ።

«እኔ ለንደን የመጣሁት ለስድስት ወር ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር በስድሳ ሰባት፣ ለልብስ ስፌት ኮርስ። የክረምት ልብስ እንኳ አልያዝኩም። ልመለስ ስሰናዳ ወንድሜ ‹ለጊዜው እዚያው ቆዪ፤ እኔ እመጣለሁ› ብሎ ጻፈልኝ። ስትመጣ አይሮፕላን ማረፊያ ሄጄ እንድቀበልህ ቀኑን ላክልኝ ብዬ መለስኩለት። ቀኑን አልላከም። እሱም አልመጣም።» ጉልበታቸውን አሹት። «ያ ‹ለጊዜው› ይኸው ሃያ አንድ ዓመት ሆነው። ይኼን ሁሉ ዓመት፣ ኃይለልዑል፣ ማንም አላቀደውም። እኔም አላቀድኩት። እንግዲህ ዓመቱን ካልቻልኩ ቅዳሜዋን እንኳ ልወቃት ብዬ ነው።»

ባለፈው ገና ማኅበር ላይ የእሳቸውን አነጋገር አስመስዬ ሰውን ሳስቅ ያመሸሁት ትዝ አለኝ። እሳቸውም አብረው ስቀው ነበር። እኔም ብሆን ካርቱም ስገባ ለሁለት ሳምንት ነበር ያልኩት፤ አራት ዓመት ነው የተቀመጥኩት። ለንደንም እንዲሁ ሆነ። የእኔ መድኃኒት ምንም ነገር አለማቀድ ነበር። የማን እንደሚሻል አሁንም አላውቅም።

«ዛሬ ስድስት ተኩል ሆኖ ሳትመጣ ስትቀር» አሉ፣ ዓይናቸውን ከወንዙ ሳያነሱ፣ «የመርከቡ ነገር አልታየኝም።»

«ሁለተኛ አይለምደኝም፣ እትዬ።»

«ይለምድሃል» አሉ። ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ፀሐዩ ላይ ዘረጉ። በሦስት ዓመት ጉርብትና ምንም ሳይሠሩ ተቀምጠው ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር። እንዲያውም ሰዓቱን ማየት እስኪረሱ ድረስ ስለ ወንድማቸው ብዙ አወሩኝ፤ ብስክሌት ሲነዳ ሁለት እጁን እንደሚለቅ፣ ቀጠሮ በደረሰ ቁጥር ሰዓት እንደሚጠፋበት።

መርከቡ ከአሥር ሰዓት አልፎ መጣ። መወጣጫው ገና ሳይያያዝ አስጎብኚዋ ቀይ ባንዲራዋን እንደያዘች ወደ እኛ ተንደረደረች።

«የት ጠፍታችሁ ነው? ጭንቀት ሊገድለን ነበር!»

እትዬ እታፈራሁ ጫማቸውን አጠለቁ፤ ቀሚሳቸውን አራገፉ፤ ተነሱ። በዚያ በረጋ እንግሊዝኛቸውም፣ «እኛ እዚሁ ስንጠብቃችሁ ነበር» አሏት። «ሃያ ደቂቃ አርፍዳችኋል።»

የእንግሊዞቹ ባልና ሚስት ከላይ አጨበጨቡ።

ማታ እራት ላይ ክላሰሩን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። የማግስቱ ከተማ ኮብሌንዝ ነበር። አራት ገጽ እንደተጻፈለት አውቃለሁ፤ ፖስታዎቹን ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ ነኝ። አራቱን ገጽ አውጥተው ወደ ጎን አደረጉ፤ ንጹሕ ወረቀት ገልጠው እስክርቢቶውን ወደ እኔ ገፉት።

«የነገን አንተ ጻፍ።»

ብዙ አሰብኩ። መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ጻፍኩ፤ «ከመርከብ መውረድ፣ ሁለታችን፣ አብረን።»

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። «ሰዓት የለውም» አሉ።

«ጉልበትዎ ደህና ሲሆን» አልኩ።

እስክርቢቶውን ከእጄ ተቀበሉኝ። መስመሩን ለረጅም ጊዜ አዩት። አልሰረዙትም።