የኡስታዝ በሽር አስር አልበሞች

በየከተማው አንድ ሰው አይጠፋም፤ ሰው የወደደውን ዘፈን በሰላም እንዲወድ የማይፈቅድ። ደሴም አለ፣ አዲስ አበባም አለ፣ ጅዳም አለ አሉ። «ይቺ ዘፈን እንዴት ደስ ትላለች» ካላችሁ አለቀላችሁ፤ «የአልበሙን ስድስተኛ ሰምታችኋል?» ይላል። አልሰማችሁም። እሱም አለመስማታችሁን ከእናንተ ቀድሞ ያውቃል። የካርቱሙ ግን ከሁሉም ይብሳል፣ ቁጥር ይሰጣልና።

ስማቸው ክቡር ኡስታዝ በሽር ነው። ሱቅ ዐረቢ ገበያ፣ ሚኒባሶቹ ከሚጫኑበት አጠገብ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማታስቆም ኪዮስክ ውስጥ ስልክ ይጠግናሉ፤ ሚሞሪ ላይም ዘፈን ይጭናሉ። ኡስታዝነቱን የሰጣቸው ዩኒቨርሲቲ አይደለም። ፊት ለፊት ሻይ የምትሸጠው ሱዳናዊት ለቀልድ ብላ አወጣችላቸው፣ እሳቸው ከምራቸው ተቀበሉት፣ በዚያው ቀረ። አባታቸው ከወሎ መጥተው ቡሪ ሰፈር ነው የወለዷቸው፤ ስለዚህ ዐረብኛው ውሃ ነው፣ አማርኛው ግን መንገድ ላይ ይቆምባቸዋል። ይህም የአማርኛ አልበም ከመዳኘት አንድ ቀን አላገዳቸውም።

ዳኝነቱ እንዲህ ነው። «የዓመቱ አስር ምርጥ አልበሞች» የሚል ካርቶን በአማርኛም በዐረብኛም ጽፈው የኪዮስኩ መስታወት ላይ ይለጥፋሉ። ማንዙማ አለ፣ መዝሙር አለ፣ ጓይላ አለ፣ ጉራግኛ አለ፣ የሱዳን የድሮ ዘፈን አለ፣ የካርቱም ጎረምሶች ራፕም አለ። አንድ ጊዜ ራፑን ሁለተኛ፣ መዝሙሩን ሦስተኛ፣ ማንዙማውን አራተኛ ቢያደርጉ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቀን ተቆጥቶ መጣ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጥዑመልሳን «ኧረ በማርያም፣ መዝሙር ከራፕ ሥር ይደረጋል?» ሲል፣ ከጎኑ የቆሙት ደግሞ «የአላህ ስም በቁጥር ይመደባል እንዴ?» አሉ። ኡስታዝ ሁሉንም በትዕግሥት አዳምጠው ሲያበቁ፣ «እኔ እምነት አላወዳደርኩም። ያወዳደርኩት ቤዙን ነው» ብለው ስልክ መፍታታቸውን ቀጠሉ።

ይህን ሁሉ ቆሞ በመስማት ሬሕማን የሚያህል የለም። ሬሕማ የወሎ ልጅ ናት፤ ከአባይ ማዶ ካፉሪ ሰፈር፣ አንድ ትልቅ ቪላ ውስጥ ሰው ቤት ትሠራለች። ዕረፍቷ ጁምዓ ስለሆነ በየሳምንቱ ድልድዩን ተሻግራ ሱቅ ዐረቢ ትመጣለች። አራት ዓመት ሙሉ መጥታለች፣ አራት ዓመት ሙሉም ግራ እንደገባት ተመልሳለች። መጀመሪያ የመጣችው አንዲት ዘፈን ፈልጋ ነበር። «አንዷን ብቻ ጫንልኝ» ብትል፣ «አልበም አይበለትም» ብለው ስልሳ አራት ዘፈን ጭነው ሰደዷት። ዘፈኖቹ ሁሉ ስም የላቸውም፣ «ትራክ አንድ፣ ያልታወቀ ዘፋኝ» ነው የሚሉት። ያቺን አንዷን ሽንኩርት እየላጠች ሦስት ሳምንት ፈለገቻት። ስታገኛት አልጣመቻትም፤ በመሃል ሌላ አርባ ዘፈን ወዳለች። እሳቸው ልክ ነበሩ ማለት ነው፣ ወይስ እሷ ናት የተበላሸችው? እስከ ዛሬ አልገባትም።

አንድ ቀን ደግሞ አብረው ሚኒባስ ተሳፈሩ። ሾፌሩ፣ አላህ ይስጠውና፣ የድሮ ዘፈን ከፍቶ በራሱ ዓለም ይነዳል። ኡስታዝ ከኋላ ሆነው «ያ ዙል፣ አንተ ሰው፣ ሦስተኛውን ከሁለተኛው በፊት የሚያሰማ ምን ዓይነት ሰው ነው?» አሉት። ሾፌሩ መንዳቱን ቀጠለ። ደገሙለት። ድልድዩ አፍ ላይ ሲደርስ ሚኒባሱን ጥግ አስይዞ ሁለቱንም አወረዳቸው። ሬሕማ ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ አባይን በእግሯ ተሻገረች፤ እሳቸው አጠገቧ እየሄዱ የሦስተኛውን ዘፈን መግቢያ በአፋቸው ያሰሟታል።

የዓመቱ ነገርማ ጭራሽ ይብሳል። ካርቶኑ በመስከረም ይለጠፋል፤ የፈረንጆቹ ጃንዋሪ ሲመጣ ሌላ ካርቶን ይወጣል፤ የሂጅራው ዓመት ሲገባ ደግሞ ሌላ። በአንዱ ሰባተኛ የነበረ አልበም በሌላው ሁለተኛ ሆኖ ቁጭ ይላል። «ኡስታዝ፣ አሁን ያለቀው የትኛው ዓመት ነው?» አለች አንድ ጁምዓ። «እኛ ሦስት አለን፣ ወላሂ! ድሃ ናችሁ ያለን ማነው?» አሏት። ሬሕማ በጣቷ ቆጥራ ቆጥራ ተወችው። እንዲያውም መዳሟ ዕድሜዋን ስትጠይቃት ሦስት መልስ መስጠት ጀምራለች።

ዘንድሮ ግን፣ ያው ከሦስቱ ባንዱ ዘንድሮ፣ ነገሩ ከቀልድ አለፈ። የሬሕማ ጓደኛ ሀጀራ ልታገባ ሆነ። ሙሽራው ሳዲቅ ይባላል፣ ቡሪ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነው፣ ጨዋ ልጅ። ሀጀራ እናቷ የሞተችባት ባለፈው ዓመት ነበር። መርዶው በስልክ ሲደርሳት እሷም ካፉሪ የሰው ልብስ እየተኮሰች ነው፤ በሰው ቤት እሪ አይባል ነገር፣ ዋጥ አድርጋ ተኩሳ ጨረሰች። ከዚያ ወዲህ ስትስቅ ያያት የለም። ሬሕማ ከዚህ ሠርግ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሀጀራ ለአንድ ጁምዓ እንኳ ስትስቅ እንድትውል።

ዘፈኑን የያዙት ደግሞ ኡስታዝ ናቸው። ሠርግ ሲይዙ ደንባቸው የታወቀ ነው፤ የሚከፍቱት በዓመቱ አንደኛ ነው፣ ሰማይ ቢደፋ አይቀይሩም። የዘንድሮው ካርቶን ላይ ከሁለት እስከ አስር ጽፈው፣ «አንደኛው በሀጀራ ሠርግ ይሰማል» ብለው ለሱቅ ዐረቢ ሁሉ አስወርተዋል። በሠርጉ ዋዜማ ሐሙስ ዕለት ግን አላስችል ብሏቸው አንደኛውን ለሬሕማ በስልኳ ላኩላት። «ሬሕማ፣ ኢስመዒ፣ ስሚ! አንድ አሮጊት ናት፣ የገጠር። ስሟ አይታወቅም፣ ከአሮጌ ሚሞሪ ነው ያገኘሁት። ሦስት ረጅም ዘፈን፣ አርባ ደቂቃ። በአስር ዓመት እንዲህ ደስ የሚል አልበም አልሰማሁም! ጭብጨባው ስሚ፣ ደሉካ ነው፣ ወላሂ ከደሉካም ይበልጣል!» ደሉካ የሱዳን ሴቶች በሠርግ የሚመቱት ከበሮ ነው፤ ቡሪ ላደገ ሰው ከዚያ በላይ ሙገሳ የለም።

ሬሕማ ወጥ እያማሰለች ጆሮዋ ላይ ሰካችው። መጀመሪያ እግሯ መሬቱን መምታት ጀመረ፤ ምቱ እውነትም ሰው ያስነሳል። ቀጥሎ ቃሉ ገባት፣ ማማሰያው እጇ ላይ ቆመ። ሙሾ ነው። ጭብጨባ የተባለውም ጭብጨባ አይደለም፣ ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ነው። ሴትዮዋ ልጇ ሞቶባት፣ በሩን አትዝጉ፣ ልጄ ገና አልገባም ትላለች። እናንተዬ! ይሄን ነው ነገ ሀጀራ ፊት በአራት ትልልቅ ስፒከር የሚለቁት።

ግራ መጋባት ካላችሁ እንግዲህ ይሄ ነው። እግሯ ይመታል፣ ዕንባዋ ይወርዳል። አራት ዓመት «አንቺ ጆሮ የለሽም» ሲሏት የኖሩትን ሰው፣ አንደኛህ ለቅሶ ነው ብላ በየት በኩል ትነግራለች? ባትነግር ሀጀራ አለቀላት። ደግሞ እኮ አልበሙ ግሩም ነው! ወጡ ላይ ጨው ሁለት ጊዜ ጨመረች፣ መዳሟም በውሃ እያወራረደች በላችው።

ጁምዓ ጠዋት፣ ሱቁ ገና ጭር እንዳለ ደረሰች። ኡስታዝ በተተኮሰ ሸሚዝ ስፒከሮቻቸውን በጨርቅ ይወለውላሉ።

«ኡስታዝ፣ አንደኛው ሙሾ ነው» አለች ትንፋሽ ሳትወስድ።

«ሙሾ ምንድነው?»

«ለቅሶ። ሰው ሲሞት ነው የሚባለው።»

«ላ፣ ላ፣ አይደለም! በር ይላል፣ ልጅ ይላል፣ ግባ ይላል። አማርኛ አላውቅም መሰለሽ? ሙሽራው በር ላይ ቆሞ ነው። ጭብጨባውስ? ለቅሶ ላይ ይጨበጨባል?»

ሬሕማ ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠችና እዚያው መንገዱ ላይ ቆማ በመዳፏ ደረቷን መታች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ የሰፈሯ ሴቶች ለቅሶ ቤት እንደሚያደርጉት። ድምፁ ያው ነው። ፊት ለፊት ያለችው ሻይ ሻጭ ማንቆርቆሪያዋን ጥላ ብድግ አለች፤ «ያ በት፣ አንቺ ልጅ፣ ማን ሞተብሽ?» ብላ በዐረብኛ ጮኸች።

እዚህ ላይ የኡስታዝ በሽርን አንቱታ እንተወው፤ የዚያን ሰዓት ፊቱን ያየ ሰው አንቱ ለማለት አንጀቱ አይችልም። በሽር ጨርቁን እንደያዘ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። «ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለ፤ «እያንዳንዱን።» ሬሕማም እየሰማች በዐረብኛ ነገረችው፣ አርባውን ደቂቃ ሙሉ። ጫማው እዚህ ነው፣ ምን ተጫምቶ ሄደ ትላለች አሮጊቷ። እራቱን ከድኜ አስቀምጬለታለሁ ትላለች። ደንበኛ መጣ፣ ቆመ፣ ሄደ። ሲያልቅ በሽር ዓይኑን በዚያው በስፒከር ጨርቅ ጠረገ። «ያላ፣ ሂጂ። ሙሽራዋ ትጠብቅሻለች» አለ። ምን እንዳሰበ አልተናገረም። ሬሕማ ቡሪ እስክትደርስ ሪክሻው ውስጥ ዱዓ ስታደርግ ሄደች፤ በሽር አንድም ቀን በሰው ቃል ቁጥር ቀይሮ አያውቅማ።

ከሰዓት የሠርጉ ግቢ በሰው ሞላ። ሀጀራ ቀይ ቶብ ለብሳ፣ እጇ እስከ ክርኗ ሒና ሆኖ፣ ከሳዲቅ አጠገብ ተቀምጣለች። በሽር ስፒከሮቹን አቁሞ እጁን ቁልፉ ላይ ሲያደርግ ሬሕማ ዓይኗን ጨፈነች። የወጣው የሱዳን ሴቶች የሠርግ ዘፈን ነው፣ ድም ድም የሚል። ግቢው በእልልታ ተናወጠ፤ ሬሕማ ዓይኗን ገለጠች።

ጥዑመልሳን ግን ካርቶኑን በቃሉ የያዘ ሰው ነው። «ኡስታዝ! ይሄማ ሁለተኛው ነው! አንደኛው የታለ?»

በሽር ማይክሮፎኑን አነሳ። «ዘንድሮ አንደኛ የለም» አለ።

«እንዴት የለም? ሳምንቱን ሙሉ ስታስወራ አልነበር?»

«ተሳስቼ ነው። ኻላስ፣ በቃ። ዓመቱ ደካማ ነው።»

ሳቁ ፈነዳ። አንዱ ጆሮህ አረጀ አለው፣ ሌላው ድሮም አታውቅም ነበር አለው። ሀጀራም ከሙሽራ ወንበሯ ሆና፣ «በኔ ሠርግ ነው አንደኛ የሚጠፋው? እንግዲያው እኔው አንደኛ ልባል!» ብላ ሳቀች፤ ጥርሷ ሁሉ እስኪታይ፣ ሳዲቅ ደንግጦ ዞር ብሎ እስኪያያት ሳቀች። «ታማም፣ አንቺው ነሽ» አላት በሽር። ከዚያ በኋላ ሳህን ይዞ ያለፈ ሁሉ፣ አንደኛህ የት ገባ እያለ ቀለደበት። በሽር ቀጣዩን ዘፈን ከፈተ። ሃያ ዓመት ቁጥር ሲሰጥ የኖረ ሰው፣ ከሰማው ሁሉ የሚበልጠውን ኪሱ ውስጥ ይዞ፣ ምንም እንዳልሰማ ተቆጠረ።

ሬሕማ ከሩቅ ታየዋለች። ወይ ጉድ፣ ይሄን ሰውዬ ትወደዋለች ማለት ነው? እንደ ወንድም ነው፣ ወይስ እንደ ምን? ይሄም አልገባትም፤ ግን ወዳዋለች። የፕላስቲክ ወንበር ጎትታ ከስፒከሩ ኋላ፣ አጠገቡ ተቀመጠች። መዳሟ ከመግሪብ በፊት ተመለሺ ብላታለች፣ ፀሐይዋም እየወረደች ነው።

«ኡስታዝ» አለችው፤ «ሁለተኛው ለምንድነው ሁለተኛ የሆነው?»

በሽር ቀና ብሎ አያት። «ጊዜ አለሽ?»

«አለኝ» አለች።

አልነበራትም።